ሦስት ጊዜ ያጠረው መጋረጃና ማዘዝን ስለ ማስቆም የተደረገ ስብሰባ

የስፌት ቤቱ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ።

ሰዓት፦ ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ እትዬ ሲደርሱ ተጀመረ።

ቦታ፦ የስፌት ቤቱ መቁረጫ ክፍል፣ በትልቁ ጠረጴዛ ዙሪያ። ጉዳዩ ራሱ፣ ማለትም ቀዩ የከፋይ ጨርቅ መጋረጃ፣ ተጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ ስለ ተቀመጠ ተሰብሳቢዎቹ ክርናቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ አላገኙም።

የተገኙ፦

1. እትዬ፦ የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ የስብሰባው ሰብሳቢ።

2. ጋሼ፦ የባለቤቲቱ ባለቤት። ደንበኛ ቤት እየሄዱ ልክ ይወስዳሉ። ድምፅ የመስጠት መብት አላቸው፤ ሲጠቀሙበት ታይቶ አይታወቅም።

3. ሻለቃ፦ የእትዬ ታናሽ ወንድም። ያለቀ ዕቃ በመኪና ያደርሳሉ። ማዕረጉን ያወጣላቸው ሠራተኛው ነው እንጂ ጦር ሜዳ ውለው አያውቁም።

4. ቆራጯ፦ በዚህ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ጨርቅ የቆረጠች፣ የስብሰባው ምክንያት። ለበሩ ቅርብ የሆነውን ወንበር መርጣ ተቀምጣለች፤ ይህንንም ሁሉም አይቷል።

5. ካውያ ያዡ፦ ልብስ የሚተኩስ። ከካውያው ጠረጴዛ ሳይለይ ቆሞ ተሳትፏል።

6. የእህት ልጅ፦ የእትዬ ታላቅ እህት ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። በእንግሊዝኛ ጉዳይ አማካሪ ሆና ተጠርታለች። ድምፅ የለሽም ተብሎ ተነግሯት ነበር፤ አላመነችበትም።

7. ጸሐፊ፦ የእትዬ አማች። የሚስቱን ቀሚስ ሊወስድ ጎራ ባለበት «ቁጭ በልና ጻፍ» ተብሎ ተሾመ። ቀሚሱ እስካሁን አልተሰጠውም።

ያልተገኘ፦ የለም። እንዳይቀር ሁሉም ታዟል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ጸሐፊው ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን በምን እንደሚያረጋግጥ ቢጠይቅ ሰብሳቢዋ «እኔ አለሁ አይደል እንዴ?» ስላሉ መሟላቱ ተረጋግጧል።

የመክፈቻ ንግግር

እትዬ ስብሰባውን ሲከፍቱ፣ ዛሬ ሁሉም ሰው የልቡን ያለ ፍርሃት የሚናገርበት ቀን መሆኑን አስታወቁ። ቀጥለውም ሻለቃን ወንበራቸውን እንዲያስጠጉ፣ ጋሼን መነጽራቸውን እንዲያጠልቁ፣ የእህት ልጅን ስልኳን እንድታስቀምጥ፣ ካውያ ያዡን የያዘውን ሱሪ እንዲጨርስ፣ ጸሐፊውን መስኮቱን እንዲከፍትና ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጎ እንዲጽፍ አዘዙ። ጸሐፊው መስኮቱን ከፈተ። ነፋስ ገባ ተባለና ዘጋው።

ከዚያ ሰብሳቢዋ አንድ ማሳሰቢያ ሰጡ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ስፌት ቤት ቆራጯን «እኛ ጋ ነይ» ማለቱንና እሷም መልሷን ዛሬ ሥራ ሳይዘጋ እንደምትሰጥ የማያውቅ የለም። ይህ ጉዳይ ግን የአጀንዳው አካል ስላልሆነ ማንም እንዳያነሳው አሉ። ማንም አላነሳውም። ከዚህ በኋላ ሁሉም እሱን እያሰበ ስለ ሌላ ነገር ተናገረ።

አጀንዳ 1፦ ቆራጯ ረቡዕ ዕለት በእንግሊዝኛ ስለ ተናገረችው ነገር ትርጉምና አጠቃቀም

ረቡዕ ዕለት ቆራጯ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ በዚህ ቤት ተሰምቶ በማያውቅ ቋንቋ «ዶንት ቦስ ሚ አራውንድ» ማለቷ አላከራከረም። ቆራጯ ከሥራ በኋላ ቋንቋ ትማራለች። እትዬ ነገሩ ስድብ ይሁን ምርቃት ሳይገባቸው ከረቡዕ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይናቸው እንዳልዞረ፣ ስድብ ከሆነ ቢያንስ ተረድተውት መቀየም እንደሚፈልጉ አስረዱ።

ሻለቃ እጃቸውን ሳያወጡ እንዲህ አሉ፦ «ቦስ» ማለት አለቃ ነው፤ «አራውንድ» ማለት ዙሪያ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ በአለቃ ዙሪያ እንሰባሰብ የሚል የአክብሮት ቃል ነው። ካውያ ያዡ በበኩሉ እንግሊዝኛ ባይችልም መቀሱ ሲቀመጥ ያሰማው ድምፅ የአክብሮት እንዳልነበረ ተናገረ። ሻለቃ ይህ ሙያዊ አስተያየት አይደለም በማለት ተቃወሙ።

ማብራሪያ እንድትሰጥ የተጠየቀችው የእህት ልጅ፣ ነገሩ አንድን ሰው ይህን አድርግ፣ ያንን ተው፣ ወዲያ ሂድ፣ ወዲህ ና እያሉ ያለ ዕረፍት ማዘዝ ማለት እንደሆነ ገለጸች። ሥልጣን ያለውም የሌለውም ያደርገዋል። አለቃ የሥራ ትእዛዝ በወጉ ቢሰጥ ይህ ቃል አይነገርበትም፤ የሚነገረው ታዛዡን ሲመረው ነው። ስለዚህም ቃሉን አብዝቶ የሚጠቀምበት ታዛዡ ነው፤ አዛዡ ስለ ራሱ እንዲህ ሲል ብዙ አይሰማም። ደግሞም «ቦስ» እና «አራውንድ» ሲነገሩ የሚታዘዘው ሰው ከመሀላቸው ይገባል አለች። ካውያ ያዡ እዚህም ቤት ቢሆን ከመሀል የምትገባው ቆራጯ መሆኗን ጠቆመ።

ምሳሌ እንድትሰጥ ስትጠየቅ፣ አንዲት ታላቅ እህት ሶፋ ላይ ተንጋላ ታናሽ ወንድሟን ውሃ አምጣ፣ አይ ቀዝቃዛውን፣ በሩን ዝጋ፣ እንደሱ አይደለም ቀስ ብለህ፣ ብትለው ቃሉ በትክክል ይሠራል አለች። እትዬ ይህን ስትናገር ለምን እሳቸውን እንደምታይ ጠየቁ። የእህት ልጅ የትኛውን ግድግዳ እያየች እንድትናገር እንደሚፈልጉ ጠየቀች። ሻለቃ ሶፋው እሳቸው ልጅ ሳሉ አረንጓዴ እንደ ነበረ በዝግታ አስታወሱ።

እትዬ፣ ሰው ይህን ነገር ሳያውቀው ሊያደርገው ይችላል ወይ ብለው ጠየቁ። የእህት ልጅ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ሳያውቀው ነው ብላ መለሰች። እትዬ ውሃ ጠየቁ። ጸሐፊው ውሃ አመጣ። ለጋሼም እንዲያመጣ ተነገረው። አመጣ። ያመጣበት ብርጭቆ የእንግዳ ነው ተባለና መለሰው። የእህት ልጅ ወደ ጸሐፊው እየጠቆመች ሌላ ምሳሌ የሚፈልግ ካለ ይኸውላችሁ አለች። ጸሐፊው በዚህ ላይ አስተያየት የለውም፤ ቢኖረውም ልጃቸውን አግብቷል።

ከዚህ በኋላ መከላከያዎች ተሰሙ። ሻለቃ በሕይወታቸው ማንንም አዘው እንደማያውቁ፣ የሚሠሩት የማስተባበር ሥራ እንደሆነ ገለጹ። ጋሼ እሳቸው የሚያደርጉት ሰው እንዳይረሳ ማስታወስ ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። እትዬ እኔ የምመክረው ለራሳችሁ ስል ነው አሉ። ቆራጯ የምትለው እንዳለ ተጠየቀች። እሷም ረቡዕ ከምሳ በፊት ብቻ በእነዚሁ በሦስቱ ስትስተባበር፣ ስትታወስና ስትመከር እንደዋለች፣ በዚህም ምክንያት ምሳዋን ቆማ እንደ በላች ተናግራ ተቀመጠች።

ከረዥም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦ ቃሉ ስድብ አይደለም። ትርጉሙም «ሥራውን ለሚያውቅ ሰው፣ ሥራው እየተሠራ ሳለ፣ የአዛዡ ልብ እንዲረጋ ሲባል የሚሰጥ ትእዛዝ» ነው። እትዬ በትርጉሙ ተስማምተው፣ እሳቸውን እንደማይመለከት በግርጌ እንዲጻፍ አዘዋል። ግርጌው ሞልቷል።

አጀንዳ 2፦ መጋረጃው እንዴት ሊያጥር እንደቻለ

የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ለመድረኩ ቀይ የከፋይ መጋረጃ አዝዞ፣ ለሙከራ ሲሰቀል ጫፉ መሬት ላይ አንድ ስንዝር ተጎተተ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ተስማማ። አለመስማማቱ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ጋሼ ከአዳራሹ ሲመለሱ ለቆራጯ «አንድ ስንዝር ይጠር» ብለው ወደ ሌላ ደንበኛ ሄዱ። ቆራጯ ቆረጠች። እትዬ ከጓዳ ወጥተው «ያ መጋረጃ አንድ ስንዝር ይጠርልኝ» አሉ። ቆራጯ ተቆርጧል አለች። እትዬ ለቃሌ መልስ አትስጪኝ፣ ቁረጪ አሉ። ቆራጯ ቆረጠች። ሻለቃ ከመኪና ውስጥ ስልክ ደውለው፣ ነገሩን እንዳይረሳ እያስተባበሩ መሆናቸውን ገልጸው፣ አንድ ስንዝር እንድታሳጥር ነገሯት። ተቆርጧል ብትል ጫጫታ ስላለ አይሰማኝም፣ ብቻ ቁረጪ አሉ። ቆራጯም ቆረጠች።

በዚህ ቤት አንድ ትእዛዝ በሦስት አፍ መምጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። እስከ ዛሬ ቆራጯ ሁለቱን በአንድ ጆሮዋ አስገብታ በሌላው ታስወጣ ነበር። በዚያ ቀን ግን ሦስቱንም እንደ ሰማች ፈጸመች። ካውያ ያዡ እሱም በየጊዜው ጫፉን እንዲተኩስ እንደ ታዘዘና ሦስቴም እንደ ተኮሰ፣ ሦስተኛው ከሁሉም ያማረ እንደ ነበር መስክሯል።

መጋረጃው ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰቀል ሻለቃ በቦታው ነበሩ። እንደ እሳቸው ገለጻ መጋረጃው ከግራም ከቀኝም ቆንጆ ነበር፤ ችግሩ ከታች ነው። በመጋረጃው ሥር አንድ ባልዲ፣ ሁለት ጥንድ የተማሪ ጫማና ማንም እንዳያያቸው ከኋላ ተደብቀው ሳንድዊች ይበሉ የነበሩ የአንድ መምህር እግሮች እስከ ባታቸው ድረስ ታይተዋል። ርእሰ መምህሩ መምህሩን በካልሲያቸው ለይተው በስማቸው ጠርተዋቸዋል። በዚህ ጊዜ ስብሰባው በሳቅ ተቋረጠ። ቆራጯም ሳቀች። እትዬ ስትስቅ አይተዋት ትንሽ ፈገግ አሉና፣ ወዲያው ሰብሳቢ መሆናቸው ትዝ ብሏቸው ሥርዓት ይከበር አሉ።

መጋረጃው ተመልሶ በመጣበት ረቡዕ ሦስቱም ቆራጯን ከበው እንዴት እንደምታስረዝመው በአንድ ጊዜ ማዘዝ ጀመሩ። መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ያረፈውና በአጀንዳ 1 የተተረጎመው ነገር የተነገረው ያኔ ነው።

ጥፋተኛው ማነው በሚለው ላይ ጠንከር ያለ የሐሳብ ልውውጥ ተደረገ። ሻለቃ፣ እሳቸው ያዘዙት አንድ ስንዝር ብቻ እንደሆነና ከዚያ በላይ ያለው እንደማይመለከታቸው ተናገሩ። ጋሼ የመጀመሪያዋ ስንዝር የእሳቸው ስለሆነች ትክክለኛዋ እሷ ናት አሉ። እትዬ ባላቸውን ከዚህ በፊት እንዲህ ደፍረው ሲናገሩ ሰምተዋቸው ስለማያውቁ ጤና መሆን አለመሆናቸውን ጠየቁ። ጋሼ ጤነኛ መሆናቸውን ገልጸው ወደ ቀድሞ ዝምታቸው ተመለሱ። ቆራጯ እያወቀች ለምን ቆረጠች የሚል ጥያቄም ተነሳ። እሷም ሁለት ጊዜ አፍ አውጥታ ተቆርጧል ማለቷን፣ የተሰጣትም መልስ በዚህ ቃለ ጉባኤ ላይ መስፈሩን አስታወሰች። ጸሐፊው ገልብጦ አየ። ሰፍሯል።

ከረዥም ውይይት በኋላ መጋረጃው በራሱ አለማጠሩ በሙሉ ድምፅ ተረጋገጠ። ጥፋቱንም ሦስቱ አንድ አንድ ስንዝር እንዲካፈሉት ተወሰነ። እትዬ የእሳቸው ስንዝር አጭር መሆኗ እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል፤ ጣታቸው እውነትም አጭር ነው።

አጀንዳ 3፦ ማዘዝን ስለ ማስቆም

ሻለቃ የሚከተለውን ሐሳብ አቀረቡ፦ ሦስቱም በአንድ ቀን ከሚያዙ ተራ ይግቡ፤ ሰኞ አንዱ፣ ማክሰኞ ሌላው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥል። ጋሼ በተራቸው ቀን ሌላ ሰው ሊያዝላቸው ይችል እንደሆነ ጠየቁ። የእህት ልጅ ደግሞ ማዘዝ የናፈቀው ሰው አፉን የሚያሟሽበት አንድ ባዶ ወንበር ጥግ ላይ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረበች። ሻለቃ ወንበሩ ሥራ እንደማይሠራ በመግለጽ ተቃወሙ። ካውያ ያዡ ለወንበሩ አዘነ።

ቆራጯ፣ እሷ የጠየቀችው ይህን ሁሉ እንዳልሆነ፣ አንድ ነገር በአንድ አፍ ይነገረኝ፣ ከዚያ በኋላ ለእጄ ተውት ብቻ እንዳለች ተናገረች። ጸሐፊው ይህን ምክንያታዊ ሐሳብ ለመመዝገብ ገና ብዕሩን ሲያነሳ እትዬ ተነስተው ቆሙ። ፊታቸው ቀልቷል።

ሰብሳቢዋ፣ ለካስ እሳቸው ከረቡዕ ወዲህ በእንግሊዝኛ ሳይቀር የሚከሰሱ ክፉ ሰው እንደሆኑ ገብቷቸዋል። ልጆች አሳድገዋል፣ ቤት አቁመዋል፣ ጉሮሯቸው እስኪነቃ የጮኹት ለማን ነው? እንግዲያው ይህ ሁሉ ከሆነ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ በዚህ ቤት ማንም ማንንም አያዝም! አለቀ! ትእዛዝ ማለትም ቃል ብቻ ሳይሆን በጣት መጠቆምን፣ ጉሮሮ መጥረግንና የሰው ስም አስረዝሞ መጥራትን ይጨምራል አሉ። ጋሼ ቅንድብም ይጨምር እንደሆነ በትሕትና ጠየቁ። የእትዬ ቅንድብ ከፈቃዳቸው ውጭ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ተፈቀደ። ሐሳቡን የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ፣ አንተም አውጣ፣ ከፍ አድርጋችሁ፣ ተባለ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ውሳኔው ወዲያውኑ በሥራ ላይ ዋለ። ጸሐፊው ይመዝገብ ወይስ አይመዝገብ ብሎ ጠየቀ። ሊመልስለት የተፈቀደለት ሰው አልነበረም። ወደዚህ ቤተሰብ ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ፈቃዱ ጻፈ። ደስ ይላል።

ቀጥሎ የሚቃጠል ነገር ሸተተ።

በዚህ ቤት ካውያ ጨርቅ ላይ ካረፈ «አንሳ» ካልተባለ አይነሳም። ደንቡን ያወጡት እትዬ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ሳይባል ተነስቶ የሱሪ እጥፋት አልይዝ ስላለ። ካውያ ያዡ ደንብ አክባሪ ሰው ነው፤ እጁን ከካውያው ላይ ሳያነሳ የእትዬን ዓይን ዓይን ያይ ጀመር። እትዬ ከንፈራቸውን ነከሱ። ቅንድባቸው ሄዶ ሄዶ ሻሻቸው ውስጥ ገባ፤ ካውያ ያዡ ግን የቅንድብ ትእዛዝ ለምዶ አያውቅም። ጋሼ በአካባቢው ጭስ የሚመስል ነገር እንደሚታያቸው ለማንም ሳይሆን ተናገሩ። ሻለቃ በአጠቃላይ ሲታይ ካውያ ሲቆይ የማቃጠል ጠባይ እንዳለው ገለጹ። ካውያ ያዡ እውነት ነው ብሎ ተስማማና ባለበት ቆመ። በመጨረሻ ቆራጯ ከወንበሯ ተነስታ ሄዳ፣ ምንም ሳትናገር የካውያ ያዡን እጅ ከነካውያው ብድግ አደረገችው።

የደረሰ ጉዳት፦ አንድ ሱሪ፣ የቀኝ እግር። ሱሪው የጋሼ ነው። ጋሼ የግራው ደህና መሆኑን በደስታ ተቀብለዋል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

በሩ ተንኳኳ። በመስታወቱ በኩል የታዩት ከመንገዱ ማዶ ያለው ስፌት ቤት ባለቤት ናቸው። የቆራጯን መልስ ሊሰሙ መምጣታቸው ነው። በሩ አልተቆለፈም፤ ሰውየው ግን «ይግቡ» ሳይባሉ የማይገቡ ጨዋ ሰው ናቸው፤ እዚህ ውስጥ ደግሞ ይግቡ ሊላቸው የተፈቀደለት ሰው የለም። እንደገና አንኳኩ። ሁሉም በመስታወቱ በኩል እጅ ነሳቸው። እሳቸውም እጅ ነሱና ደጅ ቆመው ጠበቁ።

ቆራጯ እንድትናገር ባይፈቀድላትም የሚከለክላት ስለሌለ ተናገረች። እዚህ ቤት ስትገባ መርፌ ላይ ክር ማስገባት የማታውቅ ልጅ እንደ ነበረች አስታወሰች። መቀስ አያያዝ ያስተማሯት እትዬ ናቸው፤ እጇን በእጃቸው ይዘው። ይህን እስክትሞት አትረሳውም። «ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አስተማሩኝና ማስተማር ማቆሙን ረሱት» አለች። ማዶ ያሉት ሰው የራስሽን ክፍል እሰጥሻለሁ ብለዋታል። በር ያለው ክፍል። ዛሬ ስትመጣ ልቧ ሁለት ቦታ ነበር፤ አሁን ግን እዚህ ቤት ያለው ወይ ሦስት አዛዥ ወይ ድዳ መሆኑን አይታለች። በድዳም ቤት ሥራ አይሠራም። ይህን ብላ ከጠረጴዛው ላይ መቀሷን አነሳች።



ጋሼ፣ በአጠቃላይ ሲታይ አንዳንድ ሰው ከአንዳንድ ቤት ሲሄድ ቤቱ ቤት እንደማይመስል ተናገሩ። ሻለቃ፣ እሳቸውም እንደዚያ መስማታቸውን ተናግረው ወደ ጣሪያው አዩ። ቆራጯ በሩ ጋ ደረሰች። እጇ መያዣው ላይ አረፈ። የእትዬ አፍ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ሁለት ጊዜ ተዘጋ።

በሦስተኛው «አትሂጂ» አሉ።

የእህት ልጅ ይህ የአጀንዳ 3ን ውሳኔ የሚጥስ መሆኑን አስገነዘበች። እትዬ «አንቺ ዝም በይ» በማለታቸው ጥሰቱ ሁለት ሆነ። ከዚያም «ነይ ቁጭ በይ። መቀሱን አስቀምጪ። እንዲህ ጥለሽኝ አትሂጂ» ብለው ሦስት፣ አራት፣ አምስት አደረሱት።

ቆራጯ ፊቷን ሳታዞር ይህ ትእዛዝ ነው ወይ ብላ ጠየቀች።

«ልመና ነው የኔ ልጅ» አሉ እትዬ። «ለምኜ ስለማላውቅ አፌ የለመደው ይህንኑ ነው። ምን ላድርግ? ጨርቁን አንቺ ስትይዢው ልቤ ያርፋል። እኔ ደግሞ ያረፈ ልብ አልለመድኩም፤ ምን ጎደለ ብዬ እደነግጣለሁ። ተነስቼ እመጣና አንቺኑ 'ቁረጪ' እልሻለሁ። ያስቀየምኩሽ አንቺን ስላላመንኩ አይደለም። የምፈራው እኔ ነኝ።»

ጸሐፊው እዚህ ላይ ብዕሩ ለትንሽ ጊዜ ቆሟል። ብዕሩ ጤነኛ ነው።

ቆራጯ የበሩን መያዣ ለቀቀች። ከዚያ ተመልሳ መጣችና መጋረጃውን ገለጠችው። የጎደለውን ሁለት ስንዝር የሚሞላ ጥቁር ከፋይ መጋዘን ውስጥ ተርፎ እንደ ተቀመጠ፣ ከግርጌው ዳር እስከ ዳር ቢሰፋለት ከመጀመሪያውም የበለጠ እንደሚያምር ተናገረች። ጋሼ፣ እትዬና ሻለቃ እንዴት እንደሚሰፋ በአንድ ጊዜ ሊያስረዱ ጀመሩ። ቆራጯ መዳፏን አነሳች። ሦስቱም ጸጥ አሉ። ይህ በዚህ ቤት ታይቶ አይታወቅም።

ከዚህ በኋላ የሆነው በፍጥነት ስለሆነ ጸሐፊው የደረሰበትን ያህል ጽፏል። «ጋሼ፣ ሜትሩን ያምጡ። ሻለቃ፣ ስልክዎን ያጥፉና ጥቁሩን ከፋይ ከመጋዘን ይዘውልኝ ይምጡ፣ ሲሄዱ አይሩጡ፣ መብራት የለም። ካውያ ያዡ፣ አሙቀው፤ ሲበቃ ራስህ አንሳው፣ ማንንም አትጠብቅ። እትዬ፣ ይህን ጫፍ ይያዙልኝ፣ ወጠር አድርገው። እንደሱ አይደለም፣ ዝቅ ይበሉ። እንደሱ።» እትዬ ዝቅ አሉ። ጸሐፊው አማቱ ዝቅ ሲሉ ያየው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጸሐፊው ደጅ ላሉት ሰው እንደማትመጣና ስለ ክፍሉ ከልቧ እንደምታመሰግን እንዲነግር በቆራጯ ታዘዘ። ወጥቶ ነገራቸው። ሰውየው በሩ ስስ ስለሆነ ሁሉንም መስማታቸውን፣ እሳቸው ቤት ይህን ያህል እንደማይጮኽ፣ ነገር ግን ይህን ያህልም እንደማይሳቅ ተናግረው፣ የመምህሩ ካልሲ ምን ዓይነት እንደ ነበር ጠይቀው በሰላም ተሰናብተዋል።

የማጠቃለያ ውሳኔ

ጸሐፊው ወደ ክፍሉ ሲመለስ የአጀንዳ 3 ውሳኔ ምን ይሁን ብሎ ጠየቀ። ቆራጯ ቀና ሳትል «ሰርዘው» አለች። ስለ አጀንዳ 2ም ተጠየቀች። ጥፋቱ ሊሰፋ ስለሆነ እሱንም ሰርዘው አለች። አጀንዳ 1 በዚህ ስብሰባ በፊደል የተደነገገ ብቸኛው ቁም ነገር ስለሆነ ይቆይ የሚል ሐሳብ ከእህት ልጅ ቢቀርብም፣ ቃሉን የተናገረችው ሰው ራሷ ትርጉሙ ስለማያስፈልጋት አብሮ ተሰርዟል። በዚህም መሠረት በዚህ ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ያለ ምንም ውይይት ተወሰነ። ሻለቃ ከመጋዘን ሲመለሱ የተሰረዘው ምን እንደሆነ ጠየቁ። የከፋዩን ጥቅልል እንዲፈቱ ተነገራቸው። ፈቱት።

ስብሰባውን በወጉ የሚዘጋ ሰው ስለ ታጣ የእህት ልጅ ወደ ሰብሳቢዋ ጠጋ ብላ አሁን በእሳቸው ላይ እየተደረገ ያለው ነገር ቦስ አራውንድ ይባል እንደሆነ፣ ይህንንም የሚያውቀው ታዛዡ ስለሆነ ምን እንደሚሰማቸው ጠየቀቻቸው። እትዬ የመጋረጃውን ጫፍ በሁለት እጃቸው ወጥረው፣ ዓይናቸውን ከቆራጯ መቀስ ሳይነቅሉ፣ «አታስወሪኝ፣ ጫፉ ያመልጠኛል» አሉ።

ጸሐፊው ይህን እንደ መዝጊያ ንግግር መዝግቦታል። ስብሰባውም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በዚሁ ቃል ተዘግቷል።